ፊደል ያልቆጠረው የሕግ ሰው

በልጅነቴ ባየኋቸው የካውቦይ ፊልሞች ውስጥ «አክተሩ» ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ደረቱ ላይ ኮከብ ለጥፎ በፈረስ ብቅ ሲል እናጨበጭብለት ነበር። ስለ ባስ ሪቭስ ያነበብኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ጭብጨባችን ያልደረሰው አንድ ጥቁር ሰው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1838 በአርካንሳስ በባርነት ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ከጌታው ኮብልሎ፣ ያኔ የኢንዲያኖች ግዛት ይባል ወደነበረው፣ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምንለው ምድር ገባ። በዚያም ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን እንደተማረ ይተረካል። በ1875 ዳኛ አይዛክ ፓርከር በፎርት ስሚዝ ከተማ ተሾመ፤ ሽፍታ የሞላበትን ያን ሰፊ ምድር የሚያስከብሩ ሰዎች ሲፈለጉም ሪቭስ የፌዴራል ምክትል ማርሻል ሆነ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፊደል አለመቁጠሩ ነው። ለአሰሳ ከመውጣቱ በፊት የመያዣ ትእዛዞቹን ሰው ያነብለታል፤ እሱም የቃል ትምህርት እንደሚቀጽል ተማሪ የእያንዳንዱን ተፈላጊ ስምና ወንጀል በቃሉ ይይዛል። በ32 ዓመት አገልግሎቱ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ለፍርድ እንዳቀረበ ይነገራል።

ሕጉ እሱንም አልማረውም። በ1884 ወጥ ቤቱን ተኩሶ ገደለ፤ ጠመንጃው ሳያስበው እንደባረቀበት ተከራክሮ፣ በ1887 በዚያው በፓርከር ችሎት ቆሞ በነፃ ተሰናበተ። ከዚህ የከፋው በ1902 መጣ። ልጁ ቤኒ ሚስቱን ገደለ። የመያዣ ትእዛዙን አባት ራሱ ተቀበለ፤ ልጁን ይዞ አስረከበ። ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይሉ ነበር። የአባት አንጀትም ይቆማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የከፈለለት ሕግ መልሶ ምን ሰጠው? በኅዳር 1907 ኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ሆና ኅብረቱን ተቀላቀለች፤ የሪቭስ የማርሻልነት ዘመንም አበቃ። አዲሱ ምክር ቤት ካወጣቸው ሕጎች ቀዳሚው ጥቁሮችንና ነጮችን በባቡር ፉርጎና በጣቢያ ማረፊያ የሚለያይ ነበር። ሪቭስ ዕድሜውን ሰጥቶ ባስከበረው ምድር ላይ ከነጭ ሽፍታ ያነሰ መንገደኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ በመስኮጊ ከተማ ተራ ፖሊስ ሆኖ ጥቂት ሠራና በጃንዋሪ 1910 አረፈ። መቃብሩ በትክክል የት እንደሆነ አይታወቅም።

በ2012 በፎርት ስሚዝ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት ቆሞለታል። ምስሉን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ ያን የባቡር ሕግ ሰው ሲያነብለት፣ እንደ መያዣ ትእዛዞቹ ሁሉ እሱንም በቃሉ ይዞት ይሆን?