የባሕር ዳር እርግቦች

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ያረፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 604 ወደ አስመራ ለመቀጠል ተንደረደረ። ቦይንግ 737 ሲሆን 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረውበታል። ከመሬት ሲነሣ የወፍ መንጋ ገጠመው።

ጣና ዳር በሚገኝ ከተማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግዙፉ ፔሊካን ነው። የዚያን ቀን ሞተሮቹ የዋጡት ግን አንዳቸው ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞሉ የዱር እርግቦችን ነበር።

አንዱ ሞተር ወዲያው ጉልበት አጣ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ሁለተኛውም ከዳቸው። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። 35 መንገደኞች ሲሞቱ ስድስቱም ሠራተኞች ተረፉ።

ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው መውጣት እንዲችል ሆኖ ይሠራል። መንጋ ይህን ስሌት ያፈርሳል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመታል። በመነሻ ላይ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ አየር ይስባል፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ የተሸከመ ነው፣ ከፍታውም ገና ዝቅተኛ ስለሆነ ለማሰላሰል ጊዜ የለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ ይህም የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል።

ወፍና አውሮፕላን መጋጨት የጀመሩት ከበረራ ጅማሬ አንሥቶ ነው። ኦርቪል ራይት እ.ኤ.አ. በ1905 ኦሃዮ ላይ የወፍ መንጋ ሲያሳድድ አንዷን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካሊፎርኒያ ውስጥ አሜሪካዊው አብራሪ ካልብሬዝ ሮጀርስ ከባሕር ወፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቦስተን ላይ ከመንደርደሪያው የተነሣ የኢስተርን አየር መንገድ ሎክሂድ ኤሌክትራ የትናንሽ ወፎች መንጋ ሞተሮቹን መትቶበት ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ በውስጡ ከነበሩት 72 ሰዎች 62ቱ አለቁ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሞተሮች ወፍ ሲውጡ እንዴት መቋቋም እንዳለባቸው መለኪያ አወጡ።

መለኪያው ግን ሁሉንም አልሸፈነም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ላይ የካናዳ ዝይዎች የአንድ ኤርባስ ሁለቱንም ሞተሮች አጠፉ። አብራሪዎቹ ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳርፈው 155ቱም ሰዎች ተረፉ።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መሬት ላይ ነው፦ ወፍ የሚስበውን ቆሻሻና የቆመ ውኃ ማስወገድ፣ የሣሩን ቁመት መቆጣጠር፣ በድምፅና በሠለጠነ ጭልፊት ማባረር፣ በማረፊያው ሕንፃዎች ጣራ ሥር ጎጆ እንዳይሠራ መዝጋት።