ሴት፣ ሩጫና ሚዛን

ሴት ልጅ ረጅም ርቀት መሮጥ ትችላለች ወይ? ዛሬ በደራርቱ አገር ይህን የሚጠይቅ ቢገኝ ይሳቅበታል። ጥያቄው ግን ስንቷን ሯጭ ከሜዳ አስቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባ አሸነፈች። ጋዜጦች ግን ከክብረ ወሰኑ ይልቅ ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ ብለው ጻፉ። እውነቱ ዘጠኙም ሯጮች ውድድሩን መጨረሳቸው ነው። ደክሟት የተጋደመች ብትኖርስ፣ ወንዱ ሲደክመው አይጋደምም እንዴ? ማን ሰምቶ! «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የኛ ብቻ አልነበረምና ርቀቱ ተሰረዘ። የተመለሰው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1960 ነው። የሴቶች ማራቶን እስከ 1984፣ 10 ሺህ ሜትር ደግሞ እስከ 1988 ጠበቀ። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ርቀቱ ለሴቶች ገና ሁለተኛ ኦሊምፒኩ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሚዛኑ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

የሯጭ አቅም ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ፣ ሰውነቷ በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለው ኦክሲጅን ለክብደቷ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። እንግዲህ ይህን ስሌት ያየ አሰልጣኝ ምን ይላል? ኪሎ ቀንሺ፣ ቁጥሩ ያድጋል! በወረቀት ላይ ልክ ነው። ሰውነት ግን ማካፈል ብቻ አያውቅም። ሴት ከወንድ የበለጠ ስብ የምትይዘው በስንፍና አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። የምትበላው ለምትሮጠው ካልበቃ የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ኋላም ይሰነጠቃል። ሐኪሞች ይህን ችግር በ1990ዎቹ ስም ሰጥተው አስጠነቀቁ። ያም ሆኖ አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬን በ2019 አደባባይ ወጥታ የተናገረችው ይህንኑ ነበር፤ ክብደት ቀንሺ እየተባለች የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት እንደቀረና አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ።

ልብ በሉ፤ የ1928ቱ ሰዎች ሰውነትሽ ደካማ ነውና አትሩጪ አሏት። የኋለኞቹ ደግሞ ሰውነትሽ በዝቷልና ቀንሺው አሏት። ሁለቱም በዓይናቸው መዘኗት እንጂ እሷን አልጠየቋትም።

ደራርቱ በ1998 ልጅ ወለደች። በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው 10 ሺህ ሜትር ዳግም ወርቅ አመጣች። የእናትነት ሰውነት ለሩጫ አይሆንም ለሚል ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።

ዛሬም ከገጠር ተነስታ ክለብ ለመግባት የምትመጣ ታዳጊ አለች። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ትውጣ ይሆናል። ስንት ኪሎ ነሽ ከማለት በፊት ግን እናቷ ማታ ማታ የምትጠይቃትን የሚጠይቅላት ሰው ያስፈልጋታል፤ በልተሻል ወይ?