በኋላ ወደደችው

በአማርኛ ከተጻፉት የፍቅር ታሪኮች ሁሉ አጭሩን ንገረን ብትሉኝ፣ የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣላችኋለሁ። አንቀጽ 558። ሴት የጠለፈ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይልና፣ ወረድ ብሎ ደግሞ የተጠለፈችው ሴት በነፃ ፈቃዷ ከጠላፊዋ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክስ አይቀርብም ይላል፤ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በቀር። እንግዲህ መነሻ አለው፣ መካከል አለው፣ መድረሻም አለው። ጎትቶ ወሰዳት፣ አለቀሰች፣ በኋላ ወደደችው። ለልብ ወለድ ምን ይጎድለዋል?

ይሄ የኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕጉን ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ ስዊሳዊ ምሁር ነበሩ፤ ጣሊያንም ደፋሪን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣውን አንቀጽ የሰረዘችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1981 ነው። እኛ ዘንድ ግን አንቀጹ ቤቱን አግኝቶ ተቀመጠ። ጠላፊው ልጅቷን ደብቆ ያቆያታል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌው «አንዴ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ማን ያገባታል» ይላል፤ ካሣ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ሕጉ «ነፃ ፈቃድ» የሚለውን ልጅቷ የምትሰጠው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ልብ ወለዳችን ሲጀምር እንዲህ አልጀመረም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም በኋላ የወጣለት ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ስትንከራተት በአንድ አረማዊ ንጉሥ እጅ ትገባለች። ሴትነቷ ሲታወቅ ንጉሡ ይወዳታል። ንጉሥ ነው፣ ጦር አለው፣ ልጅቷ ከነአባቷ በእጁ ናት። ማን ይከለክለዋል? አፈወርቅ ግን ያስጠብቀዋል። ሰርጉ የሚሆነው ንጉሡ ከነሕዝቡ ክርስትና ከተቀበለ በኋላ ነው። ይሄ መጨረሻ ብዙ ጊዜ እንደ ሃይማኖት ድል ነው የሚነበበው፤ ይነበብ። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚለወጠው ጠያቂው ነው። በአንቀጽ 558 የምትለወጠው ግን ሴትየዋ ናት።

ክፍል ውስጥ ይህን ስናነሳ ሁሌም አንዲት ተማሪ እጇን ታወጣ ነበር። «አባቷ በእጁ እያለ እሺ ብትለው፣ እሺታው ስንት እጁ እሺ ነው?» ትለኛለች። መልካም ጥያቄ ነው። አፈወርቅ አይመልሰውም።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው ያለ ዕድሜ ጋብቻን ነቅፈው ጽፈዋል። ከታሪኩ ምክሩ ስለሚበዛ እዚያ አንቆይ። የምንቆየው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ ያላነበበውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ አልቅሷል። የመደብ ልዩነት መጽሐፍ ነው ስንል ኖረናል፤ ልክ ነው። ግን ሁለቱም ልጆች ሳይጠየቁ የተሰጡ መሆናቸውንም ልብ በሉ። በዛብህን ወላጆቹ ለስለት ሰጥተውታል። የሰብለ ወንጌልን ትዳር የያዙት ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው፤ ባል የሚመዘነውም የሚመለሰውም በእሳቸው ሚዛን ነው። ፈቃድ የሴት ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ በዛብህን ይመልከት፤ የገዛ ሕይወቱ ከማሰቡ በፊት ለቤተ ክርስቲያን ተፈርሞበታል። ሰብለስ? እምቢታዋን በአፏ አትጨርሰውም። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ትጀምራለች። እምቢታዋም እሺታዋም በእግሯ ነው።

ጦቢያ የወንድ ልብስ፣ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ። ሁለቱ ስመ ጥር ሴቶቻችን የራሳቸው ለመሆን መጀመሪያ ሴት መምሰልን ማቆም ነበረባቸው። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ለሴት እምቢታ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ ታመልጣለች፣ ትመንናለች፣ ትሞታለች። ጠፍቶ የሚቀረው እሺታዋ ነው። ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ እሰጥ ነበር፦ ወንዱ ጠይቆ፣ መልስ ጠብቆ፣ ሴቷ በቃሏ «እሺ» ያለችበትን ገጽ አምጡ። የሚያመጡልኝ ዓይን ነው፤ እንባ ነው፤ ማቀርቀር ነው። «ዝም አለች እኮ፣ መምህር!» ዝምታ የስምምነት ምልክት ነው ተብለን አድገን ሌላ ምን እናምጣ?

ቋንቋውም አላገዘን። «ደፈረ» ያልነው ሰው ጦር ሜዳ የገባ ጀግና ይሁን ሴት ያጠቃ ወንጀለኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አናውቅም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። እሷ «በኋላ ወደደችው»ን አልጠበቀችም፤ በራሱ መሣሪያ ጠላፊዋን ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኩ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ፤ ርዕሱ ቅድም ያልኳችሁን ግስ በሁለት ስለቱ ይዞታል። ፊልሙ በውጭ አገር የተመልካች ሽልማት አገኘ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከሳሿ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ባለታሪኳ። ፈቃዴን አልጠየቃችሁኝም አለች። ስለ ፈቃድ የተሠራ ፊልም! የክርክሩን ዝርዝር ለጠበቆች ልተወው፤ ጥያቄዋ ግን ፊልሙ ራሱ ያነሳው ጥያቄ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመትንና ነፃ ፈቃድን ደነገገ። ግንቦት 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት አደረሰና፣ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ከተጠያቂነት አያድንም አለ። አጭሩ ልብ ወለድ መድረሻውን ተቀማ። ሁሉም ግን አልተቀየረም። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ሐረግ ይዞ ወጣ። ቀለበት ካሰረች በኋላ እምቢ የሚል ገጽ የላትም ማለት ነው።

ሕጉ የተወውን ታሪክ ልብ ወለዱ አንስቶ ተሸክሞታል። ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የምትከታተለውን ተከታታይ ታሪክ አስነበበችኝ። ሀብታም ወንድ፣ ደሃ ልጅ። ክፍል ሦስት ላይ ክፍሏ ውስጥ ይቆልፍባታል፤ ክፍል አራት ላይ ትጮሃለች፤ ከዚያ ብዙ ዓይን ለዓይን መተያየት አለ። «እና መጨረሻው?» አልኳት። «ትወደዋለቻ ጋሼ፣ ያስታውቃል እኮ» አለችኝ። ጸሐፊዋ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት አሉ። አንቀጽ 558 ሲሻር ገና አልተወለደችም።

የእህቴ ልጅ ግን መጨረሻው ስላላማራት ክፍል አራትን ራሷ እንደ አዲስ ጽፋዋለች። በእሷ ክፍል አራት ልጅቷ በመስኮት ወጥታ እናቷ ቤት ትገባለች፤ ሰውየው መጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ያንኳኳል። «ከዚያስ?» ብላት ገና አልጻፍኩትም አለችኝ። ጓደኞቿ የፊተኛው ይሻላል ብለዋታል።