ነፍስ መዝራት

«ዳግም መራባት» የሚል ትርጉም በስልክ ጌሞች ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ ዝም ማለት ከብዶኛል። ተጫዋቹ ይገደላል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ያው ሰው ሆኖ ወደ ሜዳው ይመለሳል። ልጆቹ «ሪስፖን አደረግሁ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከዓሣና ከእንቁራሪት ዕንቁላል መጣል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተርጓሚው፣ ምናልባትም ማሽኑ፣ ዕንቁላሉን ተከትሎ መራባት ላይ ደረሰ። ተኳሹ ግን አንድ ሆኖ ሞቶ አንድ ሆኖ ነው የተመለሰው። ምኑ ተራባ?

ነገሩ ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» በከባዱ ደረጃ የተገደለውን ጭራቅ መልሶ ያስነሣል። በ2020 የወጣው «ሄደስ» ደግሞ ታሪኩን የሚያራምደው በሞት ነው፤ ጀግናው በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፣ ሞትም ታናቶስ ተብሎ ገጸ ባሕርይ ሆኖ «ማን ብዙ ገደለ?» እያለ ይፎካከረዋል።

ወደ ቃሉ እንምጣ። በመጀመሪያ «ዳግም» ትረፍ። ዳግም ማስጀመር፣ ዳግም መጫን፣ ዳግም ማስገባት እያልን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ላይ ለጥፈናታል። «ዳግም ልደት» የሚሉም አሉ። ይህ በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ስም ነው፤ የሕንዶችን እምነት ለመግለጽ ሲነገርም በሌላ አካል መወለድ ማለት ነው። በሁለቱም ሰውየው አዲስ ይሆናል። የጌሙ ሰው ግን ጢሙ እንኳ አልተለወጠም። «ትንሣኤ»ስ? ሥሩ «ተንሥአ»፣ ተነሣ፣ ስለሆነ በትርጉም ይቀርባል። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ላይ በፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ጎረምሳ በየአምስት ደቂቃው «ትንሣኤዬ ደረሰ» ቢል እናቱ ምን ትላለች? «ማንሰራራት»ን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ቀስ በቀስ የሚያገግም ሰው ቃል ነው፣ ለጌም ይዘገያል።

የኔ ምርጫ «ነፍስ መዝራት» ነው። ራሱን ስቶ የነቃውን ሰው «ነፍስ ዘራ» እንላለን። ሲጾም የዋለ ሰው እህል ሲቀምስ «አሁን ነፍስ ዘራሁ» ይላል። ጠውልጎ የነበረ ማሳ ዝናብ ሲያገኝም እንዲሁ። ማንም አዲስ ነገር ሳይማር የሚገባው ቃል ነው፤ የሚነሣው ሰው ያው ነው፣ መነሣቱም ቅጽበታዊ ነው። የእንግሊዝኛው የመፍለቅ ስሜትም፣ ያለ እንቁራሪቷ፣ በ«ዘር» ውስጥ ተቀምጧል።

ጎጃም ላይ ሆኖ ይህን ቃል ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። የዋሸራና የዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ቃል ሥሩ ሳይነካካ አይታለፍም። ለምሳሌ ጥር 18 የሚከበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል «ዝርወተ አጽሙ» ይባላል። ሰማዕቱን ነገሥታት ገድለው፣ አካሉን ፈጭተው፣ በይድራስ ተራራ ላይ በተኑት፤ እርሱ ግን ተነሣ ይላል ትውፊቱ። «ዝርወት» ከ«ዘረወ» ነው፣ በተነ ማለት፤ የኛ «ዘራ» ከ«ዘርአ» ነው። ሥራቸው ሁለት ነው፣ ድምፃቸው ግን ጎረቤት ነው፤ ለባለ ቅኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በታኝ መስሎት የዘራ ጠላት፣ ሰሙም ወርቁም በአንድ ግስ። (ሰማዕቱን ከጌም ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ጆሯችን ከሞት መመለስን ከስልኩ በፊት ያውቅ ነበር ማለቴ ነው።)

በዚያው መንገድ «አስፈሪው አጫጅ» የሚባለው የሞት ስምም ይቅርልን። ማጭድ ይዞ ጥቁር የለበሰው ሞት የአውሮፓ ሥዕል ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፉ ሲደርስ ለአጫጅ ጠላ ይጠምቃል እንጂ አይደነግጥም፤ አጫጅ ደቦ ነው፣ ዘፈን ነው። ሞትን ሰው ለማድረግ ደግሞ አማርኛ ልብስ አያስፈልገውም፤ በአነጋገራችን ሞት ይወስዳል፣ ይነጥቃል፣ ይቀድማል። ስም ካስፈለገም መልአከ ሞት አለ።

የቀሩት ዝርዝሮች ናቸው። ተጫዋቹ ተመልሶ የሚገኝበት ቦታ «መዝሪያ» ቢባል፣ «ጠላት መዝሪያችን ላይ አድብቷል» የሚለው ወዲያው ይገባል። ጓደኛ ወድቆ ሌላው ሮጦ ሲያነሣውም አዲስ ቃል መቆፈር አያሻም፤ «ና ነፍስ ዝራብኝ!» ብሎ መጮህ ይበቃል።