ዕድር ለቀብር ይደርሳል፤ ለሕመምስ? የአረጋውያን ጤና መድን አጭር ታሪክ



ላምበረትም ሆነ ሌላ ሰፈር ያደግን ሁላችንም ዕድርን እናውቀዋለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ቤተሰብ ያጽናናል። በአብዛኛው ግን የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። አባታችን ደም ግፊት ይዟቸው በየወሩ መድኃኒት ሲገዙ፣ ወጪው የእሳቸውና የልጆቻቸው ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር በሙስሊሙ ዓለም አንዱ መልስ ወቅፍ ነበር። ሱልጣን ቀላውን በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ያሠሩት ቢማሪስታን ሀብታምና ድሃ ሳይለይ ያክም ነበር፤ ወጪውም በወቅፍ ከተሰጡ ንብረቶች ገቢ ይሸፈን ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ጀርመን የሠራተኞችን የሕመም መድን በመዋጮ በሕግ አቆመች። አሜሪካ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች ራሱን የቻለ የመንግሥት መድን ደነገገች።

በእኛ አገር የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ጡረተኞችንም ያቀፈ ነበር፤ በኋላ በወጣው ደንብ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጣ ታስቦ ነበር። ትግበራው ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ።

በተግባር የቀደመው ሌላኛው መንገድ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። አባወራው በዓመት ያዋጣል፣ የፌዴራል መንግሥት ይደጉማል፣ መክፈል ለማይችሉ ድሆች ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ። ቆይቶ አዲስ አበባም ገባ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ይህ መድን ለአረጋውያን የተለየ በር የለውም። የሚመዘገበው ቤተሰብ ነው። ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት በልጃቸው መታወቂያ ላይ በቀጥታ ላይገቡ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተጨማሪ አባል ተመዝግበው ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልላቸዋል። ማንም ካላስመዘገባቸው ከመድኑ ውጭ ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ካልታደሰም እንዲሁ።

ስለዚህ ወጣቶች፣ የወላጆቻችንን ስም ዛሬውኑ እንይ። ተመዝግበዋል? ታድሷል? አቅም ከሌለን በነጻ የሚካተቱበትን መስፈርት በወረዳችን እንጠይቅ። ጎረቤት ያለ ጧሪ የቀሩ አዛውንት ካሉም እጃቸውን ይዘን እንሂድ። ለቀብር የሚሰበሰበው ጀመዓ፣ ሰው በሕይወት እያለም ሊሰበሰብ ይችላል።