ከፕራሻ የጦር ካርታ እስከ ሞዴል ታንክ፦ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ታሪክ

በሞዴል ታንኮች የሚካሄደው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ዛሬ በየቤቱ የሚሰናዳ የትርፍ ጊዜ ሥራ ቢሆንም፣ ሥረ መሠረቱ ያለው ታንክ ከመፈልሰፉ ከዘጠና ዓመት በላይ አስቀድሞ በፕራሻ መኮንኖች ዘንድ ነው። ከእነርሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1780፣ ዮሐን ሄልቪግ የተባለ የብራውንሽቫይግ የሒሳብ ሊቅ ቼዝን አስፍቶ ተራራና ወንዝ፣ እግረኛና መድፈኛ ያሉበት ጨዋታ አሳትሞ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሠራዊቱ ከአንዱ ካሬ ወደ ሌላው ብቻ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ የእውነተኛ ዘመቻን ጠባይ ሊያሳይ አልቻለም።

ይህን ጉድለት የሞላው የመድፈኛ ጦር መኮንኑ ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ ሲሆን፣ አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ በ1824 «ክሪግስሽፒል» ማለትም የጦርነት ጨዋታ የተባለውን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ካሬዎቹ ቀርተው በ1፡8000 ስኬል በተነሣ ካርታ ተተኩ፤ ስኬል አንድ ነገር ከእውነተኛ መጠኑ ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚገልጽ ምጣኔ በመሆኑ፣ በካርታው ላይ አንድ ኪሎ ሜትር 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ተራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ውጊያን ይወክላል፤ የተኩስ ውጤት በዳይስ ይወሰናል፤ ገለልተኛ ዳኛም ለየተጫዋቹ ጦሩ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ይገልጥለታል። የፕራሻው ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሚውፍሊንግ ጨዋታውን ተመልክቶ ለጦር ትምህርት እንዲውል በጽሑፍ አሳሰበ፤ ፕራሻ በ1870 እና በ1871 ፈረንሳይን ድል ካደረገች በኋላ ደግሞ ሌሎች ሠራዊቶችም ልማዱን ተከተሉ።

ጨዋታው ከጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ ቤት እንዲገባ ብዙ ያገዘው የእንግሊዙ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ያሳተመው «ሊትል ዎርስ» የተባለ መጽሐፍ ነው። ዌልስ በ1903 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ ታንክ መሰል «የምድር ብረት ለበስ መርከቦችን» አስቀድሞ ያሰበ ሰው ቢሆንም፣ በጨዋታው የተጠቀመው በቆርቆሮና በእርሳስ ወታደሮች እንዲሁም የእንጨት ጥይት በሚያስፈነጥር የስፕሪንግ መድፍ ነበር፤ እውነተኛው ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1916 በፈረንሳይ ሶም ግንባር ነው።

ታንክ የጨዋታው ዋና ተዋናይ የሆነው ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ መባቻ የኦስትሪያው ሮኮ ኩባንያ በ1፡87፣ የእንግሊዙ ኤርፊክስ ደግሞ በ1፡76 ስኬል ርካሽ የፕላስቲክ ታንኮችን ማቅረብ ጀመሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ የታንክ ወታደር የነበረው ዶናልድ ፌዘርስቶንም በ1962 ባሳተመው «ዎር ጌምስ» ማንም በቤቱ ደንብ ነድፎ ሊጫወት እንደሚችል አሳየ።

ሆኖም ታንኩ በመገኘቱ፣ ራይስቪትስ የገጠሙት ርቀትንና ተኩስን የመመጠን ጥያቄዎች ይበልጥ ከበዱ እንጂ አልቀለሉም። በ1፡76 ስኬል አንድ ኪሎ ሜትር ከ13 ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ በዚያ ርቀት የሚተኩስን ታንክ የሚያስተናግድ ጠረጴዛ በቤት ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ ደንብ ነዳፊዎች ለሞዴሉና ለመሬቱ የተለያየ ስኬል መመደብን ወይም ወደ 1፡285 ዝቅ ማለትን መረጡ፤ በኋለኛው ያው ርቀት ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የብረቱ ውፍረትም ሌላ ስሌት አመጣ፦ የጀርመኑ ፓንተር ታንክ የፊት ብረቱ 80 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ኋላ ያጋደለ ሲሆን ጎኑ ግን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ፊትና ጎንን የማይለይ ደንብ ታንከኛ ጠላቱን ከጎን ለመምታት የሚደክምበትን ምክንያት ያጠፋዋል።

በቤት የዳበረው ይህ ዕውቀት በ1970ዎቹ ተመልሶ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ ደን እና ኬምፕፍ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሻምበሎች በ1፡285 ሞዴሎች ያዘጋጁት በስማቸው የሚጠራ ጨዋታ ለሠራዊቱ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፣ የጨዋታውን ዋጋ የሚወስነው የሞዴሉ ውበት ሳይሆን የደንቡ ሐቀኝነት ነው፤ ዛሬም በቤቱ ጨዋታ የሚያቅድ ሰው ርቀትን፣ ጊዜን፣ ዕድልንና የማይታየውን ጠላት እንዴት እንደሚመጥን አስቀድሞ ከወሰነ፣ ከካርቶን የቆረጣቸው ታንኮች እንኳ የውጊያን ምክንያትና ውጤት በትክክል ሊያስተምሩት ይችላሉ።