ከ1904 የፓተንት መዝገብ፦ ክርስቲያን ሁልስማየር እና የራዳር አጀማመር

የቴክኖሎጂን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሚያገላብጣቸው ማስረጃዎች መካከል የፓተንት ሰነድን ያህል ቀኑና ይዘቱ ተለይቶ የታወቀ ጥቂት ነው። ፓተንት ማለት አንድ ፈልሳፊ የፈጠራውን አሠራር በጽሑፍና በሥዕል ለሕዝብ ሲገልጽ፣ መንግሥት በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት በብቸኝነት እንዲጠቀምበት የሚሰጠው መብት ነው። ሰነዱ መግለጫና ሥዕል ይኖረዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚመዝነው ፈልሳፊው «የእኔ የሆነው ይህ ብቻ ነው» ብሎ የመብቱን ድንበር የሚያሰምርባቸው የይገባኛል አንቀጾች ናቸው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሰነዱን ርእስና ቁጥር ጠቅሰው ያልፋሉ፤ ይሁን እንጂ «ይህን ነገር ማን ጀመረው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በርእሱ ሳይሆን በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ነው።

ራዳር፣ ማለትም የሬድዮ ሞገድ ልኮ ከአንድ አካል ነጥሮ የሚመለሰውን በመቀበል የዚያን አካል መኖር፣ አቅጣጫና ርቀት የሚለይ መሣሪያ፣ በአብዛኞቹ መጻሕፍት የ1930ዎቹ ልጅ ተደርጎ ይተረካል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) የፓተንት መዛግብቱ ግን ታሪኩን ወደ 1904 ይመልሱታል፤ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 30 ቀን ክርስቲያን ሁልስማየር የተባለ የ22 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት በኋላ ቁጥር 165546 የተሰጠውን የፓተንት ማመልከቻ በአገሩ አስገባ፤ በዚያው ዓመትም ተመሳሳዩን በብሪታንያ በቁጥር 13170 አስመዘገበ።

ሁልስማየር የተነሣው ከባዶ አልነበረም። ሃይንሪሽ ኸርትዝ በ1888 በካርልስሩኸ ባደረጋቸው ሙከራዎች ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገዶች እንደ ብርሃን ሁሉ ከብረት ላይ እንደሚነጥሩ አሳይቷል፤ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፖፖቭም በ1897 በባልቲክ ባሕር በሁለት መርከቦች መካከል የሬድዮ መልእክት ሲሞክር፣ ሦስተኛ መርከብ በመካከላቸው ባለፈ ቁጥር ግንኙነቱ እንደሚስተጓጎል አስተውሎ ጽፏል። በብሬመን የመምህራን ማሠልጠኛ የተማረው ሁልስማየር የኸርትዝን ሙከራዎች እዚያው ሳለ ደጋግሞ ሠርቷቸዋል። ከእርሱ የቀደሙት መንጠሩን የሚያውቁት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ወይም እንደ እንቅፋት ነበር፤ እርሱ ግን ያንኑ ክስተት መርከብን ከግጭት የሚያድን ሥራ ሰጠው። በዚያን ዘመን መርከቦች በጉም ውስጥ አንዱ የሌላውን መኖር የሚያውቁት በጥሩምባና በደወል ድምፅ ብቻ ስለ ነበር፣ የፈጠራው አስፈላጊነት ለማንም የሚሰወር አልነበረም።

የብሪታንያው ፓተንት ርእስ ራሱ የአሳቡን ስፋት ይናገራል፤ በሞገዱ መንገድ ላይ እንደ መርከብ ወይም እንደ ባቡር ያለ ብረታ ብረት አካል መኖሩን ለማመልከት ወይም ለማስጠንቀቅ የተሰናዳ፣ የኸርትዝ ሞገድ የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ መሆኑን ይገልጻል። ፈልሳፊው ቴሌሞቢሎስኮፕ ብሎ በሰየመው በዚህ መሣሪያ፣ በዘይት ውስጥ በተቀመጡ የብረት ሉሎች መካከል የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ሞገድ ያመነጫል፤ ሞገዱን በአንድ አቅጣጫ የሚያተኩር አንጸባራቂ ብረት ደግሞ ዙሪያውን እየተሽከረከረ አድማሱን ይቃኛል። የተመለሰውን ሞገድ የሚይዘው ኮሄረር ነው፤ ኮሄረር ማለት የብረት ብናኝ ያለበት የመስታወት ቱቦ ሲሆን፣ ሞገድ ሲደርሰው ብናኙ ተያይዞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ደወል ይደውላል። ከመሽከርከሪያው ጋር እኩል የሚዞር ጠቋሚ ደግሞ ደወሉ በተደወለበት ቅጽበት መርከቡ በየት በኩል እንዳለ ያሳያል። የሞገዱ ርዝመት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር እንደ ነበር ይገመታል፤ ስለዚህም ከ1 ሜትር በታች ያለውን ሁሉ ማይክሮዌቭ በሚለው ሰፊ ትርጓሜ ከሄድን፣ የመጀመሪያው የራዳር ፓተንት የማይክሮዌቭ ፓተንትም ነበር ማለት ይቻላል።

ሰነዱ የሚለውን ያህል የማይለውም ሊነበብ ይገባል። የ1904ቱ ዋና ፓተንት የአካሉን መኖርና አቅጣጫውን እንጂ ርቀቱን አይጠይቅም። ሁልስማየር ይህን ጉድለት ስለ ተረዳ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 11 ቀን ሌላ ማመልከቻ አስገባ፤ ይህም ቁጥር 169154 ሲሆን የመጀመሪያው ተጨማሪ ሆኖ የተመዘገበ ነው። መፍትሔው ጂኦሜትሪ ነበር፦ መሣሪያው ከፍ ካለ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ጨረሩ ወደ ታች ሲዘነብል ደወሉ የሚደውልበት ማዕዘን ይነበባል፤ የምሰሶው ከፍታ ስለሚታወቅም ርቀቱ ይሰላል። አሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን ከ30 ሜትር ከፍታ ሲታይ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መርከብ ከአግድሙ መስመር የሚያዘነብለው 1.7 ዲግሪ ያህል፣ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ደግሞ 0.6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ የሞገድ ርዝመት በመርከብ ላይ ሊሰቀል ከሚችል አንጸባራቂ የሚወጣ ጨረር ግን በአሥር ዲግሪዎች የሚለካ ስፋት ስለሚኖረው፣ ልዩነቱን መለየት የሚችል አይሆንም። ሞገዱ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ በመለካት ርቀትን ማወቅ በሁለቱም ፓተንቶች ውስጥ የለም፤ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ደርሶ የሚመለስ ሞገድ የሚወስደው ጊዜ የሴኮንድ 20 ሚሊዮንኛ ብቻ ሲሆን፣ ይህን የሚለካ መሣሪያ በዚያን ጊዜ በመርከብ ላይ አልነበረም።

ሙከራው ግን ሠርቷል። ሃይንሪሽ ማንሃይም የተባለ የኮሎኝ ነጋዴ ገንዘብ አውጥቶለት፣ ሁልስማየር በሜይ 1904 በኮሎኝ ከተማ በራይን ወንዝ ላይ መሣሪያውን ለሕዝብና ለጋዜጠኞች አሳየ፤ መርከብ በቀረበ ቁጥር ደወሉ ይደውል ነበር። በጁን ወር ደግሞ የመርከብ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በኔዘርላንድስ ለስብሰባ በተገኙበት ጊዜ፣ ኮሎምበስ በተባለች መርከብ ላይ ሆኖ በሮተርዳም ወደብ ደገመው። ይህ ሁሉ ሆኖ ገዢ አልተገኘም፤ የጀርመን ባሕር ኃይልም ሆነ ቴሌፉንከን የተባለው የሬድዮ ኩባንያ አልተቀበሉትም። ኮሄረር ከየትም የመጣን ፍንጣሪ ሳይለይ የሚቀበል በመሆኑ መሣሪያው የራሱን ሞገድ ከሌላው ለመለየት ይቸገር ነበር፤ ርቀትን አለመናገሩም ለመርከብ አዛዥ ትልቅ ጉድለት ነው። ያም ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፤ ፈጠራውን ለማሻሻል የሚያስፈልገውን ገንዘብና ጥቂት ዓመታት ሊሰጠው የሚችለው ወገን ሁሉ ፊቱን አዙሮበታል። በጊዜው የነበረው የጀርመን ሕግ ለፓተንት የሚፈቅደው 15 ዓመት ብቻ ስለ ነበር፣ ዓለም ለራዳር በተነሣችበት በ1930ዎቹ መብቱ ካበቃ ቆይቶ ነበር።

ብሪታንያዊው መሐንዲስ ሮበርት ዋትሰን ዋት በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935 በእንግሊዝ ዳቬንትሪ አቅራቢያ፣ የቢቢሲ ማሰራጫ የሚልከው ሞገድ ከአውሮፕላን ነጥሮ እንደሚመለስ አስመሰከረ፤ በዚያው ዓመት ያመለከተው ፓተንት ግን በምስጢር ተይዞ ቁጥር 593017 ሆኖ የታተመው በ1947 ነበር። ተመራማሪው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ የወታደራዊ ፈጠራዎች ማመልከቻ ቀንና የኅትመት ቀን በአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊራራቁ ስለሚችሉ፣ በኅትመት ቀን ብቻ ቀዳሚና ተከታይ የሚወስን ሰው ታሪኩን ይገለብጠዋል።

የማይክሮዌቩ ምዕራፍም ከዚህ የተለየ አይደለም። ማግኔትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በማግኔት ኃይል እያዞረ እጅግ አጫጭር ሞገድ የሚያመነጭ ቱቦ፣ ብዙ ክፍት ጎድጓዶች እንዲኖሩት የሚያደርገውን ንድፍ ሃንስ ኤሪክ ሆልማን በ1935 በጀርመን አመልክቶበት፣ በጁላይ 1938 የአሜሪካን ፓተንት ቁጥር 2123728 አግኝቷል። ታሪክ በብዛት የሚያስታውሰው ግን በፌብሩዋሪ 1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ 10 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ የሞገድ ርዝመት ከፍተኛ ኃይል ያመነጩትን ጆን ራንዳልንና ሃሪ ቡትን ነው፤ በእርግጥም በጦርነቱ ውስጥ አውሮፕላንና ሰርጓጅ መርከብ ፈልገው የሚያገኙ ራዳሮችን ያስቻለው የእነርሱ ቱቦ ነበር። ሬይቲየን በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰርም በኦክቶበር 1945 ምግብን በማይክሮዌቭ ስለ ማብሰል አመልክቶ፣ በጃንዋሪ 1950 ፓተንት ቁጥር 2495429 ተሰጠው፤ ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ ያለው ምድጃ የመጣው ከዚሁ የራዳር ሥራ ነው።

ሁልስማየር በበኩሉ ፊቱን ወደ እንፋሎት መሣሪያዎችና ወደ ማሞቂያ ጋኖች አዙሮ በዱሰልዶርፍ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ፤ በሕይወቱም በርካታ ሌሎች ፓተንቶችን አስመዝግቦ በጃንዋሪ 31 ቀን 1957 አረፈ። መሣሪያው በሙኒክ በዶይቸስ ሙዚየም ይገኛል፤ ፓተንቶቹም በዲጂታል መዛግብት ውስጥ ለማንም ክፍት ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና የሳይንስ ጸሐፊዎች ራዳርን በ1935 ብቻ ከመጀመር ይልቅ፣ በሞገድ ነጸብራቅ የመርከብን መኖርና አቅጣጫ የመለየቱን ሥራ ለ1904ቱ ለሁልስማየር፣ ርቀትን በጊዜ የሚለካውን የራዳር ሥርዓት ደግሞ ለ1930ዎቹ መሐንዲሶች ለይተው ሊጽፉ ይገባቸዋል፤ ለዚህም የሚያስፈልጋቸው የፓተንቶቹን የይገባኛል አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ብቻ ነው።